በደረቅ አገር የሰገነት አትክልት፤ ሒሳቡና አሠራሩ

በድሬዳዋና ድሬዳዋን በመሰሉ ሞቃት ከተሞች ፎቅ ያለው ነጋዴ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የላይኛው ደርብ ክፍል በቶሎ የማይከራይ መሆኑ ነው። ጠፍጣፋው የአርማታ ጣሪያ ቀኑን ሙሉ የተቀበለውን ሙቀት ሌሊት ወደ ክፍሉ ይመልሰዋል። እንግዳው ወይ እንቅልፍ ያጣል፤ ወይ የአየር ማቀዝቀዣው እስኪነጋ ሲሠራ ያድርና ሒሳቡን የቤቱ ጌታ ይከፍላል። ለዚህ ችግር ከሚነገሩት መፍትሔዎች አንዱ ጣሪያውን ዐፈር አልብሶ አትክልት ማብቀል ነው። አሳቡ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም፤ የትግራይ ህድሞና የሐረር ነባር ቤቶች ጠፍጣፋ ጣሪያቸው ዐፈር የለበሰ ነው።

ይሁን እንጂ በደረቅ አገር የአትክልቱ ውበት ከመታሰቡ በፊት ውሃው ከወዴት እንደሚመጣ መታወቅ አለበት። የ100 ካሬ ሜትር ሰገነት ለምሳሌ ቢወሰድ፥ በሞቃት ቦታ የተተከለ ሣር በአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ይህ በቀን 500 ሊትር፥ በዓመት ከ180,000 ሊትር በላይ ይሆናል። በድሬዳዋ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ በግምት 600 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፥ በዚያው ሰገነት ላይ የሚወርደው ሁሉ ጠብታ ሳይባክን ቢጠራቀም 60,000 ሊትር ብቻ ነው። የቀረውን ከቧንቧ መሙላት የከተማው ሕዝብ በባልዲ ተሰልፎ የሚጠብቀውን የመጠጥ ውሃ ጣሪያ ላይ ማፍሰስ ነውና፥ ሣር የሚባለው ነገር ከነጭራሹ ቢተው ይሻላል።

በሣሩ ፈንታ ውሃ ቆጣቢ ተክል፥ ለምሳሌ እሬትና እንዳሁላ ይተከላል። እነዚህ ተክሎች የቅጠላቸውን መተንፈሻ ቀዳዳ ቀን በፀሐይ ዘግተው ሌሊት ስለሚከፍቱት፥ የሚያወጡት ውሃ እጅግ ጥቂት ነው። ግምቱ ከፍ ተደርጎ በካሬ ሜትር 1 ሊትር ተኩል ቢያዝላቸው እንኳ ለጠቅላላው ሰገነት በቀን 150 ሊትር ይበቃል። ሆኖም አንድ ነገር ሊሰወር አይገባም፤ ውሃ የማያወጣ ተክል እንደ ሣር አያቀዘቅዝም። ከእርሱ የሚገኘው ጥቅም በአብዛኛው ጥላውና የዐፈሩ ሽፋን ነው። ቁልቋልና በለስ ድርቅን ቢችሉም ከባድና ግዙፍ ስለሚሆኑ ለሰገነት አይመረጡም።

150 ሊትር ደግሞ አራትና አምስት እንግዶች ገላቸውን ታጥበው የሚያፈሱት ውሃ ነው። የሆቴል ባለቤት እንግዲህ በየቀኑ ወደ ፍሳሽ የሚሰደውን ውሃ ዳግመኛ ሊሠራበት ይችላል፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። የገላና የልብስ እጣቢ ብቻ ይወሰዳል። የወጥ ቤት እጣቢ ቅባት ስላለው ቱቦውን ይደፍናል፤ የመጸዳጃ ቤቱ ፍሳሽ ፈጽሞ አይነካም። በረኪና የገባበት ውሃ ተለይቶ ይደፋል። የተጠራቀመው እጣቢ ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ስለሚሸት፥ በጠጠርና በአሸዋ ተጣርቶ በዕለቱ ከዐፈሩ በታች በተቀበረ ቀዳዳ ቱቦ ይጠጣል። በላይ በላዩ መርጨትም ሆነ በዚህ ውሃ ጥሬውን የሚበላ ቅጠል ማብቀል ለጤና አደገኛ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ጠላት ጨው ነው። የዱቄት ሳሙና ጨው አለበት፤ ውሃው ሲተን ጨው ዐፈሩ ውስጥ ይቀራል፥ እየቆየም ቅጠሉን ያቃጥላል። ስለዚህ ክረምቱ ሲገባ እጣቢው ተቋርጦ ዝናቡ ዐፈሩን እንዲያጥበው መተው አለበት።

ከውሃው ቀጥሎ የሚመጣው ክብደት ነው። 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ተራ ዐፈር ውሃ ሲጠግብ በካሬ ሜትር 180 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ይህ በ100 ካሬ ሜትር ላይ 180 ኩንታል ነው፤ 180 ኩንታል ቡና ለዘለዓለም እንዳይወርድ በጣሪያ ላይ እንደ መከመር ማለት ነው። መሐንዲስ የቤቱን ፕላን አይቶ ሳይፈቅድ ይህን የሚሠራ ሰው በተከራዮቹ ነፍስ ይጫወታል። ክብደቱን ለመቀነስ ከእሳተ ገሞራ የወጣው ቀዳዳማ ቀይ ድንጋይ ተፈጭቶ ይገባል፤ የተሰበረ የሸክላ ጡብም ተደቁሶ ያገለግላል። የሲሚንቶ ፍርስራሽ ግን ኖራነቱ ሥሩን ስለሚጎዳ በብዛት አይገባም። በነጋዴው ዘንድ በነጻ ሊገኝ የሚችለው ገንቢ ነገር የቡና ገለፈት ነው፤ እርሱም ለወራት ተከምሮ በደንብ ሳይበሰብስ ከዐፈር ጋር መቀላቀል የለበትም። ያረጀ የፕላስቲክ ጆንያ ዐፈሩ ወደ ጠጠሩ እንዳይወርድ ለማጣሪያነት ይነጠፋል፤ ኬሻ ግን ይበሰብሳል። ከሁሉ በታች ሥር የማይበሳው ወፍራም ላስቲክ ያስፈልጋል፤ ሬንጅ ብቻውን ሥርን አይገታም።

የአሜሪካዋ ዴንቨር ደረቅ ከተማ ናት። በ2010 ዓ.ም. መራጮቿ 25,000 ካሬ ጫማና ከዚያ በላይ የሆኑ ሕንፃዎች በጣሪያቸው አትክልት እንዲኖራቸው ወሰኑ። በ2011 ዓ.ም. ግን የከተማው ምክር ቤት ሕጉን አሻሽሎ፥ ፀሐይን የሚመልስ ቀዝቃዛ ጣሪያ ዋና ነገር ሆኖ ባለቤቱ አትክልቱን ከሌሎች አማራጮች አንዱ አድርጎ እንዲመርጥ ፈቀደ። የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ነጋዴም ከዚህ የሚጠቅመውን ሊወስድ ይችላል፤ ቆርቆሮው ዐፈር አይሸከምምና ነጭ ቀለም መቀባት ይበቃዋል።

አርማታ ያለውና መሐንዲስ የፈቀደለት ባለቤት በውሃ መውረጃው አፍ ዙሪያ ጠጠር ብቻ ያድርግ እንጂ ተክል አይትከልበት፤ ከክረምቱም በፊት እያስከፈተ ያስጠርግ። መውረጃው ተደፍኖ 10 ሳንቲ ሜትር ውሃ ቢቋጠር በዚያው ሰገነት ላይ 100 ኩንታል በአንድ ሌሊት ይጨመራል።