ጉምጉምታውን ለማጥፋት ሲሉ ሕይወት እንዳያጠፉ

ለሠርግ የተከራዩት አዳራሽ በእንግዳ ተሞልቷል። ሙሽሮቹ በር ላይ ደርሰዋል፤ ኦርጋን ተጫዋቹም ምልክት እየጠበቀ ነው። ሚክሰሩ ሲከፈት ግን ከሙዚቃው በፊት ከስፒከሮቹ «እምምምም» የሚል የማያቋርጥ ጉምጉምታ ይወጣል። ገመዱን ቢነቀንቁት አይተው፣ ቢነቅሉ ቢሰኩት አይጠፋ። በዚህ የጭንቅ ሰዓት አንድ ወዳጅ «መላውን እኔ አውቃለሁ» ይልና ከአምፕሊፋየሩ ስፒና ላይ ሦስተኛዋን ክብ እግር በፒንሳ ቆርጦ መልሶ ይሰካዋል። ጉምጉምታው ጸጥ ይላል፤ ጭብጨባው ይቀልጣል። አደጋውም የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው።

በአሜሪካ ስፒና ላይ ያለችው ክብ እግር የመሬት መስመር ናት። በደህና ጊዜ ምንም ሥራ ያላት አትመስልም። በዕቃው ውስጥ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ሽቦ ተላቆ የብረት ሣጥኑን ሲነካ ግን ኤሌክትሪኩ በእርሷ በኩል ይፈስና ብሬከሩ ወዲያው ይዘጋል። እርሷ ከሌለች ሣጥኑ 120 ቮልት ተሸክሞ የሚነካውን እጅ ይጠብቃል። አንድ ሙዚቀኛ በአንድ እጁ የጊታር ክር፣ በሌላው ማይክራፎን ሲይዝ ኤሌክትሪኩ በደረቱ በኩል መንገድ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ተረት አይደለም። የስኮትላንዱ ስቶን ዘ ክሮውስ ባንድ ጊታር ተጫዋች ሌስሊ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 ዌልስ ውስጥ በስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ እንዳለ፣ የመሬት መስመሩ በአግባቡ ያልተያያዘ ማይክራፎን ነክቶ ሕይወቱ አልፏል።

ታዲያ ጉምጉምታው ከየት ይመጣል? የአሜሪካ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 60 ጊዜ፣ የኢትዮጵያና የአውሮፓ ደግሞ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ከስፒከሩ የሚሰማው ይኸው ምልልስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የዕቃው ሳይሆን የአተካከሉ ነው። ኪቦርዱ መድረኩ አጠገብ ካለ ሶኬት፣ ሚክሰሩ ከአዳራሹ ጀርባ ካለ ሌላ ሶኬት ቢሰካ ሁለቱ በየራሳቸው መንገድ ከመሬት ጋር ይገናኛሉ። በመካከላቸው የድምፅ ገመድ ሲዘረጋ ደግሞ መንገዱ ገጥሞ ቀለበት ይሆናል። በዚህ ቀለበት ውስጥ ትንሽ ኤሌክትሪክ ትዞራለች፤ አምፕሊፋየሩም አጉልቶ ያሰማታል። ባለሙያዎች ይህን «ግራውንድ ሉፕ» ይሉታል።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ ፍለጋው በቅደም ተከተል ቢሆን ይበጃል። በመጀመሪያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገቡትን የድምፅ ገመዶች በሙሉ መንቀል ነው። ባዶውን ቢያጉመተምት ችግሩ ከራሱ ነውና ለጠጋኝ ይሰጥ። ዝም ካለ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ መልሶ መሰካት፤ ጉምጉምታውን ይዞ የመጣው ይታወቃል። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ነቅሎ በባትሪ መሞከር ነው። ድምፁ ከጠፋ መንስኤው በቻርጀሩ በኩል እንደሚመጣ ያመለክታል።

ሁለተኛው፣ የድምፅ ዕቃዎቹን በሙሉ ከአንድ ሶኬት በሚነሳ ጥሩ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ነው። ቀለበቱ እጅግ ይጠባል። ይሁን እንጂ 15 አምፔር የሆነ መስመር ከ1,800 ዋት በላይ አይሸከምም፤ ለረጅም ሰዓት ሲሠራም ከዚያ ዝቅ ማለት አለበት። ስለዚህ የእንጀራ ምጣዱና የቡናው ምድጃ ከሙዚቃው ጋር በአንድ መስመር አይሰኩ።

ሦስተኛው፣ የድምፅ ገመድን ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር ጎን ለጎን አለመዘርጋት ነው። መተላለፍ ግድ ከሆነ በመስቀል ቅርጽ ይተላለፉ። ድምፁ ሹል «ዝዝዝ» ከሆነ የመብራት ማደብዘዣውን፣ ማለት ዲመሩን፣ አጥፍቶ ማየት ይገባል።

አራተኛው፣ የኪቦርድና የኤሌክትሪክ ክራር ተራ ገመድ ከ6 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ሚክሰሩ ከራቀ ዲ.አይ. ቦክስ የምትባለውን ትንሽ ሣጥን መሣሪያው አጠገብ አስቀምጦ፣ ከእርሷ እስከ ሚክሰሩ ባለ ሦስት እግር የማይክራፎን ገመድ መዘርጋት ነው። ትራንስፎርመር ያለባት ብትሆን ይሻላል። በላይዋ ያለችው «ግራውንድ ሊፍት» የምትባል ማብሪያ ቀለበቱን የምትቆርጠው በድምፁ ገመድ ላይ ብቻ ነው። የስፒናውን የመሬት መስመር አትነካምና በእርሷ መጠቀም አያሰጋም።

ከፋብሪካው ባለ ሁለት እግር ሆኖ የተሠራ ዕቃ እንደዚያው ይሠራል፤ ችግር የለበትም። ቀድሞ እግሩ የተቆረጠ ስፒና ግን በአዲስ ባለ ሦስት እግር ይለወጥ። የአዳራሹ ሶኬት ባለ ሁለት ቀዳዳ ከሆነም ባለቤቱ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ያስጠራ። ማይክራፎን ወይም ክር ሲነኩ ትንሽ እንኳ የሚነዝር ከሆነ «ይለፍ» ሳይሉ ከነኩት ዕቃ ርቆ በብሬከሩ ማጥፋት ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ እንግዳ ሳይገባ፣ ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢጀመር ይጠናቀቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና። ሁሉም ተሞክሮ ትንሽ ጉምጉምታ ቢቀር እንኳ ከበሮውና እልልታው ይሸፍኑታል። ጉምጉምታ ሠርግ አያፈርስም፤ የተቆረጠ ስፒና ግን የሠርጉን ቤት የለቅሶ ቤት ሊያደርገው ይችላል።