ያውቁ ኖሯል? የአሮጌ መኪና ሬዲዮ ጉድ!

በአሮጌ ጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ አቧራ ጠጥቶ የተቀመጠው፣ ከፋብሪካ አብሮ የመጣው ሬዲዮ ስንት ጉድ እንደያዘ ያውቁ ኖሯል? እንግዲህ ያድምጡ! (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመኪና ሬዲዮ ገና ሲወለድ ሊታገድ ነበር! በ1930 በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛትና በሴንት ሉዊስ ከተማ «ሹፌር ያዘናጋል» ተብሎ በሕግ ይከልከል የሚል ሐሳብ ቀርቦበታል።

በዚያው በ1930 የቺካጎዎቹ ወንድማማቾች ፖልና ጆሴፍ ጋልቪን ሞቶሮላ ያሉትን የመኪና ሬዲዮ ይዘው ብቅ አሉ። ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ! አዲስ ፎርድ ሞዴል ኤ መኪና ራሱ ከ600 ዶላር ባነሰ ይገዛ በነበረበት ዘመን!

በ1969 ኒል አርምስትሮንግ ጨረቃ ላይ ቆሞ የተናገረውን ቃል ወደ ምድር ያደረሰው መሣሪያስ የማን ሥራ ይመስልዎታል? የዚያው የሞቶሮላ!

መሪ ላይ የሚገኘው የሬዲዮ መቆጣጠሪያ የዘመናችን ፈጠራ መስሎዎት ከሆነ ተሳስተዋል! በ1932 ጀርመን ውስጥ የተሠራው ብላውፑንክት ኤ ኤስ 5 ከግዙፍነቱ የተነሣ ሹፌሩ አጠገብ ሊቀመጥ ስላልቻለ መቆጣጠሪያው ከመሪው ዘንግ ጋር ታስሮ ነበር። ዋጋው ደግሞ 465 ራይሽስማርክ፣ የመኪናው ሲሶ!

የሸቭሮሌ ጭነት መኪኖች ዳሽቦርድ ውስጥ የሚገጠም ሬዲዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙት በ1947 ነው። 

የድሮ ሬዲዮ ቫልቮች ከ200 ቮልት በላይ ይፈልጉ ነበር። ባትሪው ግን 6 ቮልት ብቻ! ታዲያ ከየት መጣ? በትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ የተቀመጠች ነዛሪ ምላስ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በላይ እየተከፈተችና እየተዘጋች ኃይሉን ትቆራርጠው፣ ትራንስፎርመሩ ደግሞ ያንን ተቀብሎ ሽቅብ ያወጣው ነበር! አሮጌ ሬዲዮ ሲከፈት የሚሰማው «ዝዝዝ» እርሷ ናት። ዛሬ ጠጋኞች እዚያው ሶኬቷ ላይ የሚሰካ፣ ምንም የሚንቀሳቀስ ነገር የሌለው ምትክ ያስገቡላታል። ዝምታ!

ከ1953 እስከ 1963 በአሜሪካ የተሠራ ሬዲዮ ካገኙ የቁጥር ሰሌዳውን አተኩረው ይመልከቱ። 640 እና 1240 ላይ ሁለት ትንንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክቶች አሉ! የኑክሌር ጥቃት ቢመጣ ሕዝቡ መመሪያ የሚሰማባቸው ጣቢያዎች ነበሩ።

በእግር ጣቢያ የሚቀየርበት መኪናም ነበር! በ1950ዎቹ በአንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች ወለል ላይ አንዲት ቁልፍ ትቀመጣለች፤ ሹፌሩ ሲረግጣት ሬዲዮው ራሱ ቀጣዩን ጣቢያ ፈልጎ ያቆማል።

በ1958 የፖንቲያክ መኪና ሬዲዮ ከዳሽቦርድ ተመዝዞ ወጥቶ በእጅ ይያዝ ነበር! ሽርሽር ሄደው ሣር ላይ ያስቀምጡታል፣ ሲመለሱ ቦታው ይከቱታል። እንደዚህ ያለ ነገር ዛሬም ቢሠራ ስንቱ በገዛው!

ክራይስለር በ1956 መኪና ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ ገጥሟል! ሸክላ፣ በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ!

ሙሉ በሙሉ በትራንዚስተር የሚሠራው የመጀመሪያው የመኪና ሬዲዮም የክራይስለርና የፊልኮ ነው። ይፋ የሆነው በ1955፣ ዋጋው 150 ዶላር!

አሁን ወደ ጥገናው እንግባ፤ ጉዱ እዚህ ይብሳል!

በ1960ዎቹ በአውሮፓ ሬዲዮዎች ውስጥ የነበሩት ኤ ኤፍ 114 እስከ ኤ ኤፍ 117 የሚባሉት ትራንዚስተሮች ውስጣቸው ጢም ያበቅላሉ! እውነተኛ የብረት ጢም፣ ከፀጉር የቀጠነ! ዓመታት ቆጥሮ ከቆርቆሮ ሽፋኑ ያድግና ከውስጡ ክፍሎች ጋር ይነካካል፤ ሬዲዮው ጸጥ ይላል። መድኃኒቱስ? ብዙ ጊዜ ከአራቱ እግሮቹ ከሽፋኑ ጋር የተያያዘችውን አንዷን መቁረጥ ብቻ!

የቆየ የዴልኮ ትራንዚስተር ሬዲዮ ካለዎት እስፒከር ሳያገናኙ በፍጹም አይክፈቱት! የመጨረሻው ትልቁ ትራንዚስተር ሊቃጠል ይችላል። ዝም ብሎ መሞከር የሚያቃጥል ዕቃ!

ድምፅ መቀነሻውን ሲያዞሩ «ክርርር» ይላል? ብዙ ጊዜ ሬዲዮው አልተበላሸም! ውስጡ አቧራ ገብቷል። ጥቂት የኮንታክት ማጽጃ ይርጩበትና ወዲያና ወዲህ ያዟዙሩት። በቃ!

ከሥር «እምምም» የሚል ድምፅ ከተሰማም የደረቀ ካፓሲተር ነው የሚጠረጠረው። አዎ፣ ካፓሲተር ይደርቃል! ውስጡ ፈሳሽ እንዳለ ያውቁ ኖሯል?

ጉድጓድ በሚበዛበት መንገድ የኖረ ሬዲዮ ሲመቱት የሚሠራበት ምክንያት አለው! ከመንቀጥቀጥ ብዛት ብየዳው በዓይን በማይታይ ክብ መስመር ይሰነጠቃል። ያንን ነጥብ በመበየጃ ዳግም ማቅለጥ ብቻ ይበቃዋል። እባክዎ አይምቱት!

እስፒከርዎ የሚሠራበት መንገድ በ1925 ሁለቱ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ራይስና ኬሎግ ካቀረቡት እምብዛም አልተለወጠም! ማግኔት፣ ጥቅል ሽቦ፣ ሾጣጣ ወረቀት። መቶ ዓመት!

እስፒከር ማይክሮፎንም ነው! ገመዱን ወደ ድምፅ ማስገቢያ ያገናኙና ፊቱ ላይ ይናገሩ፤ ድምፅዎ ይገባል።

የተንኮሻኮሸ እስፒከር ሁሉ የሞተ አይደለም! ብዙ ጊዜ የበሰበሰው ዳር ዳሩን የሚዞረው ስፖንጅ ብቻ ነው፤ ከጊዜ ብዛት፣ ከእርጥበትና ከፀሐይ የተነሣ በጣት ሲነኩት እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ይረግፋል። ወረቀቱና ማግኔቱ ደህና ናቸው። አዲስ ስፖንጅ በሙጫ ተለጥፎበት ስንቱ ተነሥቷል!

መሞከሪያው ደግሞ 1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ነው! የእስፒከሩን ሁለት ጫፎች በድንጋዩ ለቅጽበት ነካ ያድርጉ። «ጧ» ካለ ሕያው ነው! ወረቀቱ ወደ ውጭ ከገፋ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ የእስፒከሩ ፖዘቲቭ ነው። ወደ ውስጥ ከተሳበ ደግሞ የተገላቢጦሹ!

ይህ ለምን ይጠቅማል ይሉ ይሆናል። አንዱን እስፒከር ገልብጠው ቢያገናኙት ሁለቱም ይጮኻሉ፣ ወፍራሙ ድምፅ ግን ይጠፋል! አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋልና። ስንት ሰው «እስፒከሩ ቀሽም ነው» ብሎ አዲስ ገዝቷል፤ ሁለት ገመድ ማቀያየር ይበቃው ነበር!

«4 ኦም» የተባለውን እስፒከር በቴስተር ቢለኩት 4 አይሰጥም! ከ3 ትንሽ ከፍ ይላል። ጤነኛ ነው፣ አይጣሉት!

የመኪናዎ በር ውስጥ ዝናብ እንደሚገባ ያውቁ ኖሯል? ተበላሽቶ አይደለም፤ እንዲገባ ተብሎ ነው የተሠራው! በመስታወቱ ጎን ይወርድና ከሥር ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። እስፒከሩ እዚያው መሐል ነው! ስለዚህ የበሩን ፕላስቲክ ሽፋን ሳይመልሱ የሚዘጋ ሰው እስፒከሩን ሻወር ውስጥ ትቶታል!

በብዙ የድሮ ሸቭሮሌ ሲ10 ፒካፖች ዳሽቦርድ ውስጥ አንድ ሞላላ እስፒከር ብቻ ነበር፤ ስፋቱ 4፣ ርዝመቱ 10 ኢንች። አንድ! ዛሬ ግን እዚያው ቀዳዳ የሚገባ፣ በአንድ አካል ሁለት ጥቅል ሽቦ ያለው እስፒከር አለ፤ ግራውንም ቀኙንም ይቀበላል! ዳሽቦርዱ አንዲት ቀዳዳ ሳይጨመርበት!

ካርቶኑ ላይ «50 ዋት በ4» ተብሎ ተጽፏል? ሒሳቡ እምቢ ይላል! ሬዲዮው ራሱ ቮልት የሚያሳድግ ነገር ከሌለው በስተቀር፣ ከ14.4 ቮልት ወደ 4 ኦም እስፒከር የሚሄደው ንጹሕ ድምፅ ከ26 ዋት አያልፍም። በተግባር 20 ዋት አካባቢ ነው! ስለዚህ ለእስፒከር ሲከፍሉ በካርቶኑ ቁጥር አይሸበሩ።

በገበያ የሚሸጡት ሬዲዮዎች የገመድ ቀለም በአብዛኛው አንድ ነው! ቢጫ ሁልጊዜ ኃይል ያለው፣ ቀይ ቁልፍ ሲዞር የሚመጣው፣ ጥቁር ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው። ነጭ የፊት ግራ፣ ግራጫ የፊት ቀኝ፣ አረንጓዴ የኋላ ግራ፣ ሐምራዊ የኋላ ቀኝ። ጥቁር መስመር ያለበት ሁሉ ኔጌቲቭ! ሬዲዮዎ በጠፋ ቁጥር ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን ከረሳ ቢጫውና ቀዩ ተለዋውጠው ይሆናል።

የሬዲዮ ቀዳዳ በዓለም ዙሪያ ልክ አለው! 180 በ50 ሚሊ ሜትር። ድርቡ 180 በ100። ቶዮታ ግን የራሱ መንገድ አለው፤ የብዙዎቹ መኪኖቹ ሬዲዮ ፊት 200 ሚሊ ሜትር ይሰፋል! አዲስ ሲገጥሙ ግራና ቀኝ ክፍተት የሚቀረው ለዚህ ነው።

ያው ቶዮታ ግን ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባለ 10 እና ባለ 6 እግር የሬዲዮ ሶኬቶቹን ለብዙ ዓመታት ሳይቀይር ቆይቷል! አንድ ማገናኛ ይገዛሉ፤ አንድም ገመድ ሳይቆርጡ አዲሱ ይገባል። ገመድ የሚቆርጥ ባለሙያ ካጋጠመዎት በትሕትና ያስቁሙት!

የድሮ ፎርድ ሬዲዮ ፊት ላይ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች አይተው ያውቃሉ? ሁለት የታጠፉ ሽቦዎች ሲገቡባቸው ሬዲዮው ሸርተት ብሎ ይወጣል! ካቻቢቴ የለ፣ ብሎን የለ!

የቤንዚን ሞተር በብልጭታው ሬዲዮ ይረብሻል፣ ናፍጣ ግን እንዲህ አይረብሽም! ናፍጣ ካንዴላ የለውም፤ ብልጭታ ከሌለ የብልጭታ ጫጫታ የለም። ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ «ዊዊዊ» ከሰሙ ግን ዲናሞውን ወይም የላላ የሻንሲ ገመድ ይጠርጥሩ።

አሁን ወደ አገራችን! በመንገዶቻችን ላይ ከሚያዩዋቸው ከባድ መኪኖች ብዙዎቹ በ24 ቮልት ነው የሚሠሩት። የተለመደው ሬዲዮ ግን 12! ሳይቀንሱ ያገናኙት ሰዎች ጭሱን አይተውታል። «ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ ልሳብ» የሚለው ብልሃት ደግሞ የባሰ ነው! አንዱ ባትሪ ይራባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፣ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ አነስተኛ መሣሪያ ይግጠሙ፤ ከባትሪ እጅግ ይረክሳል!

ከጃፓን የመጣ መኪና ሸገር ኤፍ ኤምን የማይሰማው ለምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? የጃፓን ኤፍ ኤም ከ76 ይጀምርና ለብዙ ዘመን 90 ላይ ያበቃ ነበር! ኤፍ ኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1፤ ሦስቱም ከአጥሩ ውጭ! ከ90 በላይ ያለውስ ለምን ተዘለለ? ጃፓን ውስጥ እስከ 2011 ድረስ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ይዘውት ነበር!

መፍትሔው ደግሞ በአንቴናው ገመድ መሐል የምትገባ ትንሽ ሣጥን ናት! ጣቢያዎቹን ወደ ታች ታወርዳቸዋለች። በ20 የምታወርደዋን ከገጠሙ ሸገርን 82.1 ላይ ያገኙታል!

ከአሜሪካ የመጣ መኪናስ? በሜድየም ዌቭ በ10 በ10 ኪሎኸርዝ ነው የሚዘለው፤ እኛ ግን በ9 በ9! የኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲደመጥ የኖረበት 873 ላይ ዲጂታሉ መድረስ አይችልም፤ ወይ 870 ወይ 880! በእጅ የሚዞረው አሮጌው ሬዲዮ ግን ልክ 873 ላይ ይቆማል። አሮጌው አዲሱን በለጠው!

ባትሪ ሲቀይሩ ሬዲዮው «ኮድ» ብሎ ይቆልፍብዎታል? ፈርቶ ነው፤ የተሰረቀ መስሎታል! ደጋግመው አይገምቱ፤ ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል። ኮዱን መጀመሪያ በመኪናው መጽሐፍ ውስጥ፣ በተለጠፈ ካርድ ላይ ይፈልጉ።

በካሴት ማጫወቻው ስልክዎን ማጫወት ይችላሉ! ካሴት መሰሉ ማገናኛ ውስጥ ክር የሚባል ነገር የለም። አንዲት ትንሽ ማግኔታዊ ጭንቅላት ከማጫወቻው ጭንቅላት ጋር ትገጥማለች፣ ሙዚቃው በመካከላቸው ይሻገራል!

በአሜሪካ ካሴት ማጫወቻ ከፋብሪካ ተገጥሞላቸው ከተሸጡት የመጨረሻዎቹ አዲስ መኪኖች አንዱ የ2010ሩ ሌክሰስ ኤስ ሲ 430 ነው። ያን ያህል ቅርብ!

ብሉቱዝ ደግሞ ውስጡ ሊቀበር ይችላል! የእጅ መዳፍ የማይሞላ ሰሌዳ ከድምፅ መቀነሻው በፊት ይበየዳል፤ ፊቱ፣ ቁልፎቹ፣ መብራቱ ሳይነኩ አሮጌው ሬዲዮ ከስልክ ይዘፍናል። እንደ እኔ ከሆነ ከዚህ የሚያምር ማሻሻያ የለም!

የአንቴናው ዘንግ ርዝመት ብዙ ጊዜ 75 ሴንቲ ሜትር የሚጠጋው በአጋጣሚ አይደለም! የ100 ሜጋኸርዝ ሞገድ 3 ሜትር ነው፤ ሩቡ 75 ሴንቲ ሜትር!

ጣቢያ እየራቀ የሚያስቸግርዎት ከሆነ አዲስ ሬዲዮ ከመግዛትዎ በፊት የአንቴናውን ሥር ፈትተው ዝገቱን ይፋቁ። የድሮ ኤ ኤም ሬዲዮ ከሆነ ደግሞ አንቴናው ከሚሰካበት አጠገብ ትንሽ ማስተካከያ ብሎን ይፈልጉ፤ አብዛኞቹ አላቸው! 1400 አካባቢ ያለ ደካማ ጣቢያ ይክፈቱ፣ በትንሽ ካቻቢቴ ቀስ እያሉ ያዙሯት፣ ድምፁ ከፍ ያለበት ላይ ሲደርሱ እጅዎን ያንሡ!