ሁለት ከረጢት፣ አንድ ኩንታል

የሲሚንቶ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። ሁለቱ አንድ ኩንታል፣ ሃያው አንድ ቶን ይሆናል። ሒሳቡ ይኸው ነው፤ ሕፃን ልጅም ያሰላዋል። ሆኖም ቤት ሲሠሩ በዚህ ሒሳብ የተጎዱ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ችግሩ የቁጥር ሳይሆን የስም ነው። ወፍጮ ቤት በር ላይ የተደረደረውን ጤፍ ስንቆጥር ጆንያውን ራሱን ኩንታል እንለዋለን። ዓይናችን በዚያ ስለለመደ የሲሚንቶውንም ከረጢት ኩንታል ማለት ይቀናናል። ኩንታል ግን የዕቃ ስም አይደለም፤ 100 ኪሎ ማለት ነው። ቃሉን ከጣልያኖች ወሰድነው፤ እነሱ ደግሞ ከዓረቦቹ ቂንጣር። ሲሚንቶ ዋጋው የሚጠራው በኩንታል ነው፤ ሲጫንና ሲወርድ የሚቆጠረው ግን ከረጢቱ ነው። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ 10 በ8 ሜትር የሆነ ሶሌታ ልታስሞላ ግንበኛውን ጠየቀች። ውፍረቱ 12 ሳንቲ ስለሆነ አርማታው 9.6 ሜትር ኩብ ነው። ለሲ-25 አርማታ በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይገባል፤ በድምሩ 3,456 ኪሎ። ግንበኛው በትክክል «35 ኩንታል» አላት። እሷ 35 ከረጢት አስመጣች። እኩለ ቀን ላይ ሲሚንቶው አለቀ።

«35 ብለኸኝ የለም እንዴ?»

«እትዬ፣ እኔ ያልኩዎት ኩንታል ነው።»

የቀረው ተገዝቶ የመጣው በማግስቱ ነው። የደረቀ አርማታ ላይ አዲስ ሲፈስ በደንብ አይያያዝም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ያቺ መጋጠሚያ ታንጠባጥባለች። ቢሆንም ግንበኛው ሥራውን ማቆሙን አመሰግነዋለሁ። በ35 ከረጢት አብቃቅቶ ሞልቶት ቢሆን በሜትር ኩብ 180 ኪሎ ብቻ ይደርሰው ነበር። ከመሠረት ሥር የሚነጠፈው ሲ-5 እንኳ 150 ኪሎ ይገባዋል! በዚያ ሶሌታ ሥር ልጆች ይተኛሉ።

ከረጢቱን የምወደው መለኪያም ስለሆነ ነው። 50 ኪሎ ሲሚንቶ ሲፈስ 35 ሊትር ገደማ ይሆናል። 40 በ50 በ18 ሳንቲ የሆነው የአሸዋና የጠጠር ሳጥን ደግሞ 36 ሊትር ይይዛል። ስለዚህ 1 ለ2 ለ3 ሲባል አንድ ከረጢት፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር ማለት ነው፤ ሚዛን አያስፈልግም። ውኃው ከሲሚንቶው ክብደት ግማሽ ይሁን ከተባለም አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ነው፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ይቀነሳል። በጎማ እየለቀቃችሁ በዓይን የምትገምቱ፣ እባካችሁ ተዉ። ግማሹ የተዘገነ ከረጢትም ከረጢት ተብሎ አይቆጠር፤ ይመዘን።

አሜሪካ ያለ ዘመድ በከረጢት የተሰላ ሒሳብ ከላከላችሁ መጀመሪያ ወደ ኪሎ መልሱት። የእነሱ ከረጢት 94 ፓውንድ ነው፤ 42.6 ኪሎ። ሰባቱ የእኛን ስድስት ያህላል።