ማጥበቅ የማያቆመው ንዝረት፦ በቤት ስለሚሠራ የሞተር ሳይክል ካሜራ መያዣ

በሞተር ሳይክል መሪ ላይ ታስሮ የተቀረጸ ምስል ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ሕመም አለው። ቀጥ ያለው የመብራት ምሰሶ ይጥመዘመዛል፣ የአስፋልቱ ነጭ መስመር ይሞገዳል። ባለቤቱ መያዣው ላልቶ ነው ብሎ ብሎኑን ያጠብቃል፣ ላሜራውን በወፍራም ይለውጣል። ምስሉ ግን ያው ነው፤ አንዳንዴም ይብስበታል።

ካሜራውን የሚያናውጡት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንዱ መንገዱ ነው። ጉድጓዱና ጉብታው በሰከንድ ጥቂት ጊዜ ብቻ ያነሣል፣ ይጥላል። ይህን በካሜራው ውስጥ ያለው ማረጋጊያ ደህና አድርጎ ያርመዋል። ሌላው ሞተሩ ነው። በአገራችን በብዛት የምናያቸው ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያላቸው ሞተሮች ባለ አንድ ሲሊንደር ናቸው፤ ፒስተኑ ወጥቶ ሲወርድ በተቃራኒው ሄዶ የሚያቻችለው ሌላ ፒስተን የለም። በደቂቃ 6000 ዙር ማለት በሰከንድ 100 ንዝረት ነው። ካሜራው ደግሞ አንዱን ምስል በአንዴ አያነሣም፤ ከላይ ወደ ታች በረድፍ በረድፍ ያነበዋል። የታችኛው ረድፍ እስኪነበብ ካሜራው ተወዛውዞ ቦታውን ለውጧል። ምሰሶው የሚጣመመው በዚህ ነው። ስለዚህ መያዣው ጉብታውን ለካሜራው ትቶ የሞተሩን ንዝረት ብቻ ቢቀንስ ይበቃዋል።

ለዚህ ጎማ ያስፈልጋል፤ ግን ማንኛውም ጎማ አይደለም። በጎማ ላይ የተቀመጠ ዕቃ ሁሉ የራሱ የመወዛወዝ ፍጥነት አለው፤ ጎማው የሚያስቀረውም ከዚያ ፍጥነት ከ1.4 እጥፍ በላይ የሆነውን ንዝረት ብቻ ነው። ፍጥነቱን በግምት ለማወቅ ካሜራው በክብደቱ ጎማውን ምን ያህል ዝቅ እንዳደረገው ማየት ይቻላል። 1 ሚሊ ሜትር ከወረደ በሰከንድ 16 ገደማ ነው፤ እንግዲህ ከ22 በላይ ያለው ንዝረት መቀነስ ይጀምራል፣ 100 ላይ ሲደርስ ከአሥር አንዱ እንኳ አያልፍም። መውረዱ በዓይን የማይለይ 0.1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ግን ፍጥነቱ 50 ይሆናል። ይህ በደቂቃ ከ3000 ዙር ጋር እኩል ነው፤ ሰው ዘወትር በሚነዳበት ዙር ላይ ጎማው ንዝረቱን ያባዛዋል ማለት ነው። የመኪና ጎማ ቁራጭ፣ ያ በረባሶ የሚሠራበት፣ ከነክሩ ድርቅ ያለ ስለሆነ እዚህ አይረባም። ለስላሳ ጎማም ቢሆን በብሎን ተጨፍልቆ ከታሰረ ደርቋል። ብሎኑ ከላይኛው ላሜራ እስከ ታችኛው ሁለቱንም ነክቶ ካለፈ ደግሞ ንዝረቱ በብረቱ በኩል ይሻገራል፤ ጎማው ለጌጥ ቀረ።

የሚሻለው አሮጌ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በቀጭኑ ቆርጦ፣ ካሜራውን የተሸከመችውን ላሜራ በአራቱ ማዕዘን ማንጠልጠል ነው። በካሜራው ሥር ቁራጭ ብረት ማሰርም ይረዳል፤ የተንጠለጠለው ሲከብድ ፍጥነቱ ይቀንሳል። አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ምናለሽ ተራ የሄደ ሰው ሁለቱንም አያጣም። ካሜራው እንዳያዘነብል አራቱ ማንጠልጠያዎች በተቻለ መጠን ይራራቁ። ካሜራው 1 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢሄድ ከሩቅ ባለው ተራራ ላይ ምንም አይታይም፤ በ1 ዲግሪ ቢያዘነብል ግን ተራራው ይዘላል።

ብሎኑ ራሱን የቻለ ወጥመድ አለው። የካሜራ ቀዳዳ በኢንች ነው፦ ሩብ ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ኢንች 20 ጥርስ። በየጋራዡ የሚገኘው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎን ሁለት ሦስት ዙር ገብቶ የያዘ ይመስላል፤ የጥርሱ ርቀት ግን 1 ሚሊ ሜትር ነው፣ የካሜራው 1.27። በመንገድ ላይ ይወልቃል፣ ወይም የካሜራውን ጥርስ ይበላል።

የሚታሰርበት ቦታ ከመሪው ጫፍ ይልቅ መሃሉ ይሁን፤ ጫፉ በጣም ስለሚንቀጠቀጥ ነው አምራቾች እዚያ ክብደት የሚያደርጉት። ካሜራውን ከሻሲው ጋር የሚያገናኝ፣ ቢወድቅ ከሚሽከረከረው ጎማ የማይደርስ አጭር ገመድ አይቀርም። ስልክን በተመለከተ አፕል በ2021 እ.ኤ.አ. ኃይለኛ የሞተር ሳይክል ንዝረት የካሜራውን ማረጋጊያ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እኔ ስልኬን አላስርም።

ሠርቶ የጨረሰ ሰው ማርሹን ፍሪ አድርጎ፣ እየቀረጸ፣ ነዳጁን ቀስ በቀስ ይስጥ። ካሜራው ሞተሩ ዝግ ብሎ ሲሠራ ብቻ ከተወዛወዘ አያስደንግጥ፤ 1400 ዙር በሰከንድ 23 ስለሆነ ጎማው ሥራ የሚጀምርበት ድንበር ላይ ነው። ሞገዱ 3000 ወይም 4000 ላይ ከመጣ ግን ጎማው ይቅጠን፣ አለዚያ ብረቱ ይጨመር። ዙር መቁጠሪያ ለሌለው ሞተር ጆሮ ይበቃል።