ነፋሱ ሲነፍስ ግድቡ ያርፋል

ጉለሌ የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ሲገባ ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ ቀልድ አያውቅም። የተሰጣ ልብስ ይዞ ይሄዳል፤ የላላ ቆርቆሮ ሌሊቱን ሙሉ ያንኳኳል፤ ሽሮሜዳ መንገድ ዳር የተሰቀለውን የሀበሻ ቀሚስ እንደ ባንዲራ ያውለበልባል። እኛም "ኧረ ይሄ ብርድ!" ብለን ጃኬታችንን ቆልፈን እናልፋለን።

የበጋ ነፋስ ግን ከብርድ ሌላ ሥራም አለው። መብራት ያመነጫል።

ወደ አዳማ የሄደ ሰው ኮረብታው ላይ ተሰልፈው የሚሽከረከሩትን ነጫጭ ተርባይኖች ሳያይ፣ አጠገባቸውም ሰልፊ ሳይነሳ አይቀርም። የመጀመሪያዎቹ 34 ተርባይኖች በ2004 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ አቅማቸው 51 ሜጋ ዋት ነበር። በ2007 ዓ.ም. 102 ተጨምረው ሌላ 153 ሜጋ ዋት መጣ። በመሀል በ2006 ዓ.ም. መቀሌ አጠገብ በ84 ተርባይኖች 120 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው አሸጎዳ ተመረቀ። አሁን ደግሞ አርሲ፣ ኢተያ አካባቢ የአሰላው አለ፤ በ29 ተርባይን ብቻ 100 ሜጋ ዋት። ቁጥሩን አስተያዩት። የአዳማው አንድ ተርባይን 1.5 ሜጋ ዋት ነው፤ የአሰላው ከ3 ሜጋ ዋት ይበልጣል።

ነገሩን ወደ ጓዳ እናምጣው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይስባል። ስለዚህ አንድ የአዳማ ተርባይን በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከ400 በላይ ምጣድ በአንድ ጊዜ ያግላል። ነፋስ ግን አመለኛ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። 400 የነበረው ምጣድ 50 ቀረ ማለት ነው።

ሽሮሜዳ ልብስ የሚሰፉ አንድ ጎረቤቴ ይህን ስነግራቸው ምንም አላስደነቃቸውም። "ልጄ፣ ህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ካለው ያቺ የነፋስ 100 ምን ትሠራለች?" አሉኝ። ጥያቄያቸው የብዙዎቻችን ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ "በቃ፣ የመብራት ነገር አለቀ" ያልን ጥቂት አይደለንም።

"ጋሼ፣ የ2011ዱን ፈረቃ ያስታውሳሉ?" አልኳቸው። ሳቁ። እንዴት ይረሱታል! መስፊያ ማሽናቸው በኮረንቲ ነው የሚሠራው፤ ያን ሰሞን የቀኑ ሥራ ወደ ሌሊት ዞሮባቸው ነበር።

በ2011 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ መኖሪያ ቤቱም ፋብሪካውም መብራት በፈረቃ እንዲያገኝ ተደረገ። ለሱዳንና ለጅቡቲ የሚሸጠውም ቆሞ ነበር። ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ተርባይኖቹ በቦታቸው ነበሩ፤ የጎደለው ውኃው ነው። ከአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ የሚመጣ ስለሆነ፣ ዝናብ ሲያጥር ሁላችንም እናጥራለን።

ነፋስ የሚደርስልን እዚህ ጋ ነው። ግድብን እንደ ፓወር ባንክ አስቡት። ክረምት ላይ ይሞላል፤ ከዚያ እስከ ግንቦት ከእሱ ላይ እየቀነስን እንኖራለን። ነፋሱ ደግሞ በአብዛኛው የሚበረታው በበጋ፣ ወንዞች በሚቀጥኑበት ጊዜ ነው። በነፈሰ ቁጥር ግድቡ ቀዝቀዝ ብሎ ውኃውን ይቆጥባል። ሶኬት ላይ የተሰካ ስልክ ፓወር ባንኩን አይነካም አይደል? ነፋሱ ሲተኛ ደግሞ ግድቡ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል። በቂ ግድብ የሌላቸው አገሮች ነፋስ ሲቆም ጋዝ ያቃጥላሉ ወይም ውድ ባትሪ ይገዛሉ። እኛ ባትሪውን ሠርተን ጨርሰናል። ያቺ 100 ሜጋ ዋት የግድቡን ውኃ ታቆይልናለች።

"ታዲያ ለምን እዚሁ እንጦጦ ላይ አይተከልም?" የምትሉም አትጠፉም። ትልልቅ ተርባይኖች የሚፈልጉት ሳይቆራረጥ የሚነፍስ ነፋስ ነው። የእንጦጦ ዛፎች ደግሞ ነፋሱን ይሰባብሩታል። በዚያ ላይ ከፍታው ስለሚበዛ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር በተመሳሳይ ፍጥነት ቢነፍስም ጉልበቱ ያንሳል። ተራራው ደን ነው፣ ፓርክ ነው፣ ሥሩ ደግሞ ሰፈር ነው። ኢተያ የተመረተው በብሔራዊ መስመሩ ገብቶ ጉለሌ ከደረሰ ምን ቸገረን?

አንድ ነገር ግን እንተማመን። ሰፈራችን ውስጥ መብራት በጠፋ ቁጥር ምክንያቱ የኃይል እጥረት ነው ማለት አይደለም። ያረጀ ምሰሶ አለ፤ የላላ ሽቦ አለ፤ የተቃጠለ ትራንስፎርመር አለ። ይህን ነፋስም ሆነ ግድብ አያስተካክለውም። ተርባይኑም መለዋወጫውም ከውጭ በዶላር ነው የሚመጣው።

ቢሆንም ጉዳዩ ለጉለሌ ሰው ትንሽ አይደለም። መብራት ሲቆራረጥ ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ እንጨቱ ይፈለጋል። ያ እንጨት ደግሞ ከእንጦጦ የሚወርደው በእናቶች ጀርባ ነው። ወገባቸው ጎብጦ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ያላየ የሰፈራችን ልጅ የለም። አስተማማኝ መብራት ማለት ለእነሱም ለተራራውም እፎይታ ነው፤ ለተሸካሚዎቹ ሌላ እንጀራ ከተገኘላቸው ማለቴ ነው።

ስለዚህ አዲስ ማመንጫ ተመረቀ የሚል ዜና ስልካችሁ ላይ ስታዩ፣ ስንት ሜጋ ዋት እንደሆነ ብቻ አንብባችሁ አትለፉ። በየትኛው ወር ነው የሚያመነጨው? ብላችሁም ጠይቁ። የእኛ ችግር የሚጠናው ግንቦት ላይ ነውና።