ሶርያውያን በአሜሪካ ችሎት፤ ተረቱና እውነቱ

ስለ አሜሪካ ሲነገር ሥር ሰዶ የቆየ አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም ያች አገር ከምሥራቅም ከምዕራብም የመጣውን ስደተኛ፥ ሕጓን አክብሮ እስከ ኖረ ድረስ፥ ዘሩን ሳትጠይቅ በዜግነት ትቀበል ነበር የሚል ነው። ዳሩ ግን በ1790 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የወጣው የዜግነት ሕግ ይህን መብት ለ«ነጻ ነጭ ሰው» ብቻ ወስኖት ነበር፤ ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ፥ በ1870፥ የአፍሪካ ተወላጆችና ዘሮቻቸው ሲጨመሩበትም እስያዊው ከሁለቱም ወገን ሳይቈጠር በውጭ ቀረ። ከሊባኖስ ተራራና ከአካባቢው ተሰደው፥ ብዙዎቹም ሸቀጥ በጀርባቸው ተሸክመው ከመንደር መንደር እየዞሩ በመሸጥ ኑሮአቸውን ያቀኑት ሶርያውያን፥ ዜግነት ለመጠየቅ ዳኛ ፊት በቀረቡ ጊዜ የገጠማቸው ይህ ሕግ ነው።

ብዙ ሰው የተከለከሉት ሙስሊሞች ስለ ነበሩ ይመስለዋል። እውነቱ ግን የሚበዙት ማሮናውያን፥ ኦርቶዶክሳውያንና ሌሎች ክርስቲያኖች ነበሩ። በ1913 በደቡብ ካሮላይና ዳኛ ሄንሪ ስሚዝ ፊት የቀረበው ሻሂድ በዛህሌ የተወለደ ክርስቲያን ሲሆን፥ በብያኔው ላይ የቆዳው ቀለም ዋልነት የሚባለውን ፍሬ እንደሚመስል ተጻፈበት፤ ዳኛውም በ1790 «ነጭ» የተባለው የአውሮፓ ዘር ብቻ ነው ሲል ጥያቄውን ውድቅ አደረገው። በተከታዩ ዓመት የሶርያዊው የጆርጅ ዳው ጉዳይ በዚያው ዳኛ ሲታይ፥ ጌታችን በሥጋ የተገለጠበትን ወገን የሚያገል ሕግ እንዴት ይታሰባል የሚል ክርክር ቢቀርብ፥ ስሚዝ ይህ የስሜት ነገር ነው ብሎ ጣለው። ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉባት የአንጾኪያ አገር ልጆች፥ ሃይማኖታቸውን ለቆዳቸው ምስክር አድርገው እንዲያቀርቡ መገደዳቸው እጅግ የሚያሳዝን ነው።

ነገሩን የቈረጠው ሳይንስ ነው የሚሉም አሉ። በ1909 የጆርጂያው ዳኛ ኒውማን ሶርያዊውን ናጁርን የተቀበለው፥ መመዘኛው የቆዳ ቀለም ሳይሆን ዘር ነው፥ ሶርያውያንም ካውካሳውያን ከሚባለው የነጮች ወገን ናቸው በማለት፥ በዘመኑ የዘር ሊቃውንት ቃል ተደግፎ ነበር፤ ስሚዝ ይህንኑ ድጋፍ አልተቀበለም፤ በ1915 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የስሚዝን ብያኔ ሽሮ ዳው ነጭ ነው አለ። በ1923 ግን ሕንዳዊው ቲንድ ያንኑ የካውካሳዊነት ማስረጃ ይዞ ቢቀርብ፥ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሚጸናው ተራው ሰው «ነጭ» ሲል የሚያስበው እንጂ የሊቃውንት ቃል አይደለም ብሎ መለሰው። እንግዲህ ሳይንሱ ሲስማማ የሚጠራ፥ ሳይስማማ የሚሰናበት ምስክር ነበረ ማለት ነው።

የዳው ድል የዘርን አጥር አፈረሰ ማለትም ስሕተት ነው። ሶርያውያኑ እኛ ከአጥሩ ወዲህ ነን አሉ እንጂ አጥሩ ይፍረስ አላሉም፤ በዚህም ልንፈርድባቸው አይገባም፥ ሕጉ ሌላ መግቢያ አልተወላቸውምና። ጃፓናዊው ኦዛዋ በ1922 ተከለከለ። የመናዊው አሕመድ ሐሰን በ1942 በሚሺጋን ሲከለከል የቆዳው ጥቁረትና ሙስሊምነቱ ጭምር ተጠቅሶበታል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን በማሳቹሴትስ አንድ ሌላ የዐረብ ተወላጅ ያንኑ ሕግ ተመርኵዞ ዜግነት ተፈቀደለት። የዘር ገደቡ ከዜግነት ሕጉ ጨርሶ የተፋቀው በ1952፥ ከተጻፈ ከ162 ዓመት በኋላ ነው።