የጤና መድን ለጉሊት ነጋዴና ለባለ ትንሽ ሱቅ

ይህን ንግግር በራዲዮ አዳምጣችሁታል። አሁን ደግሞ በዓይናችሁ አንብቡት። ቀስ እያላችሁ አንብቡ። ያልገባችሁ ቃል ካለ ከሥሩ አስምሩበትና በክፍል ጠይቁ።

የዛሬው ርእሳችን የጤና መድን ነው። የምንነጋገረው በተለይ ከእናንተ ጋር ነው፤ ጉሊት ከምትውሉ፣ እንጀራ ጋግራችሁ ከምትሸጡ፣ ጫማ ከምትጠግኑ፣ ትንሽ ሱቅ ከከፈታችሁ ጋር። ለምን ከእናንተ ጋር? ደመወዝተኛ ሰው ጥቂት ቀን ቢተኛ፣ ወር ሲሞላ ደመወዙን ይቀበላል። እናንተ ስትታመሙ ግን ሱቁ ይዘጋል። ገቢው በቆመበት ቀን ወጪው ይጀምራል።

ሕመም ዋናውን ገንዘብ ይበላል

እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት አውቃለሁ። ስማቸውን አልናገርም። አንድ ሌሊት ልጃቸው ሆዱን ታመመ። ሐኪም ቤት ሲያደርሱት፣ “ትርፍ አንጀት ነው፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል” ተባሉ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጁ ዳነ። ነገር ግን ለጤፍ መግዣ ያስቀመጡት ገንዘብ አለቀ። ከጎረቤትም ተበደሩ። ልጁ ድኖ ቤቱ ሲገባ፣ ምጣዱ ቀዝቅዞ ነበር።

እስቲ ልብ በሉ። ትርፍ ቢጠፋ ነገ ይተካል። ዋናው ገንዘብ ሲጠፋ ግን በምን ይነገዳል? ስለዚህ መድን የምንገባው ለጤናችን ብቻ ሳይሆን ለመነገጃችንም ነው።

መድን ማለት ምን ማለት ነው?

እድርን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በየወሩ ትንሽ ገንዘብ ታዋጣላችሁ። ኀዘን የደረሰበት ሰው ከተዋጣው ይረዳል። የጤና መድንም እንደዚሁ ነው። ልዩነቱ እድር ለኀዘን፣ መድን ለሕክምና መሆኑ ነው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይባል የለም? ነገሩ ይኸው ነው።

በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690 ስለ ደመወዝተኛና ስለ ጡረተኛ ነበር። ለገበሬው፣ ለትንሽ ነጋዴውና ለእጅ ባለሙያው የታሰበው ግን ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚባለው ነው። ይህም በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ወረዳዎቹ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በያኔው የደቡብ ክልል ነበሩ። ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩባቸው። ከዚያ በኋላ ወደ ሌሎች ወረዳዎችና ከተሞች ተስፋፋ።

አባል የሚሆነው አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡ ነው። ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአንድ መዋጮ ይገባሉ። ሌላ የቤተሰብ ሰው ሲኖር ተጨማሪ ይከፈላል። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። መክፈል የማይችል ድኻ ቤተሰብ ደግሞ በቀበሌው ተመርጦ መንግሥት ይከፍልለታል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ

እርሳስና ወረቀት ያዙ። ይህ ለምሳሌ ያህል ነው። የየቦታው መዋጮ የተለያየ ስለሆነ፣ ትክክለኛውን ከቀበሌያችሁ ጠይቁ።

100 ቤተሰብ እያንዳንዱ በዓመት 1,000 ብር አዋጣ እንበል። ጠቅላላው 100,000 ብር ይሆናል። በዓመቱ ውስጥ 25 ቤተሰብ ሕመም ገባበት። የእያንዳንዱ ሕክምና 3,600 ብር ፈጀ። 25 ጊዜ 3,600 ስንት ነው? 90,000 ብር ነው። ገንዘቡ በቃ፤ 10,000 ብርም ተረፈ።

አሁን ደግሞ ጤነኞቹ፣ “እኛ አልታመምን፣ ለምን እንከፍላለን?” ብለው ቀሩ እንበል። የከፈሉት የታመሙት 25 ብቻ ናቸው። የተዋጣው 25,000 ብር ነው። የሚያስፈልገው ግን 90,000 ብር ነው። ገንዘቡ አይበቃም። ጤና ጣቢያው ገንዘቡን ካላገኘ በምን መድኃኒት ይገዛል? መድን የሚቆመው ጤነኛውም በሽተኛውም አብረው ሲያዋጡ ነው። ምዝገባው በዓመት የተወሰነ ጊዜ ብቻ የሚሆነውም ሰው ሁሉ ታሞ ከመጣ በኋላ ልመዝገብ እንዳይል ነው።

“ዓመቱን ሙሉ ካልታመምኩ ገንዘቤ ባከነ ማለት ነው?” የሚል ሰው አይጠፋም። እኔም መልሼ ልጠይቅ፦ በቤታችሁ ሰው ባለመሞቱ የእድር ገንዘባችን ባከነ ብላችሁ ታውቃላችሁ?

“1,000 ብር በአንድ ጊዜ ከየት አመጣለሁ?” የሚልም አለ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው። መላው ሳንቲም በሳንቲም ማስቀመጥ ነው። በሳምንት 20 ብር ያስቀመጠ ሰው በ50 ሳምንት 1,000 ብር ይኖረዋል። እቁብ የምትጥሉም የእቁባችሁን ተራ ከምዝገባው ወር ጋር ለማገናኘት ሞክሩ።

ምን ይሸፈናል? ምን አይሸፈንም?

መድኑ ከተዋዋለባቸው ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተመላልሶ መታከምና ተኝቶ መታከም ይሸፈናል። ምርመራውና መድኃኒቱም ይገባበታል። ለውበት የሚደረግ ሕክምናና ከሀገር ውጪ የሚደረግ ሕክምና ግን አይሸፈኑም። በግል ሐኪም ቤት ታክማችሁ ደረሰኙን ለመድኑ ብታቀርቡም ይከፈለኛል ብላችሁ አትመኑ። አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሕክምና የሚጀመረው ከጤና ጣቢያ ነው። ጤና ጣቢያው የማይችለው ሲሆን የሪፈር ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልካችኋል። ያለ ወረቀቱ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ብትሄዱ ወጪው በራሳችሁ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ድንገተኛ አደጋ ሲሆን ግን ሕይወት ይቀድማል።

እውነቱን መደበቅ አይገባም፤ አንዳንድ ጊዜ መድኃኒት ጤና ጣቢያው ውስጥ ይጠፋል። ያን ጊዜ ተበሳጭታችሁ ብቻ አትመለሱ። “ከየት ልግዛ? ገንዘቡስ ይመለስልኛል?” ብላችሁ የመድኑን ሠራተኛ ጠይቁ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትግዙ። በጠቅላላ ስብሰባም ተነሥታችሁ ተናገሩ። ገንዘቡ የእናንተ ነውና መጠየቅ መብታችሁ ነው።

መታወቂያችሁን አንብቡ

ወደ እንጀራ ሻጯ እናት ልመልሳችሁ። ልጃቸው በዳነ በዓመቱ መድን ገቡ። መታወቂያውንም በጨርቅ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ አኖሩ። በሌላ ጊዜ ራሳቸው ታመው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ። መዝጋቢው መታወቂያውን አየና፣ “እትዬ፣ ይኼ ካለፈ ሁለት ወሩ ነው” አላቸው። ቀኑ እዚያው ላይ ተጽፏል። እሳቸው ግን ማንበብ አይችሉም ነበር። ያን ቀን ከኪሳቸው ከፍለው ታከሙ።

ወደ ማታ ትምህርት ክፍላችን የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። “መጀመሪያ ምን ልናስተምርዎ?” ብንላቸው፣ መታወቂያውን ከጨርቁ ፈትተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩና፣ “ይህችን ቀን” አሉን። ዛሬ ቀኑን ራሳቸው ያነባሉ። ሊያልፍ ሲል ጎረቤቶቻቸውንም ያስታውሳሉ።

እናንተም ዛሬ ማታ መታወቂያችሁን አውጡ። ሦስት ነገር ፈልጉ፦ የቤተሰቡ ሰው ሁሉ ስም ተጽፏል? ፎቶግራፉ ተለጥፏል? የሚያበቃበት ቀን መቼ ነው? አባል ያልሆናችሁ ደግሞ ነገ ቀበሌ ሄዳችሁ የምዝገባውን ወርና መዋጮውን ጠይቁ። መልሱንም በራሳችሁ እጅ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. መድን ከእድር ጋር በምን ይመሳሰላል? በምንስ ይለያል?
2. ጤነኞች ቢቀሩ የመድኑ ገንዘብ ለምን አይበቃም? ሒሳቡን በደብተራችሁ ሥሩ።
3. በአካባቢያችሁ መዋጮው ስንት ነው? በሳምንት ስንት ብር ብታስቀምጡ ይሞላል?
4. እነዚህን ቃላት አምስት አምስት ጊዜ ጻፉ፦ መድን፣ መዋጮ፣ ደረሰኝ፣ መታወቂያ፣ ቀን።

በሉ እንግዲህ፣ ጤናውን ያብዛላችሁ። ደኅና ሁኑ!